ድንኳን የሌለው መርዶ

ሰውየው ከኋላዋ መጥቶ ተሰለፈ።

ዞራ አላየችውም። ጠዋት መገናኛ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው የሚያየው የሚመጣውን ታክሲ እንጂ ኋላውን አይደለም። እሷም መንገዱን አየች። ቦርሳዋን ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ አዛወረች። ምልክቱ፣ የተከተለኝ የለም ማለት ነው።

«እህት፣ ይሄ ሰልፍ የኮተቤ ነው?»

«የኮተቤ ነበር። አሁን የዕድል ነው።»

ከፊታቸው የቆመች ዘንቢል የያዘች ሴት ሳቀች። ሰውየው አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈ። ስልኩ ጠፍቷል፤ እሷ ታውቃለች።

«ሰማህ?» አለ ለማንም። «አቶ በዳዳ አረፉ። አዎ፣ የውኃ ጋን ጠባቂ የነበሩት። ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዋሻ ሚካኤል። ለሬዲዮው ይነገር፣ የስድስት ሰዓቱ ላይ።» ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ኧረ ይሄ ታክሲ የሚመጣም አይመስል» ብሎ አጉረመረመና ከሰልፉ ወጣ።

ርክክቡ አለቀ።

ሰውየው ታዴዎስ ነው። በደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስሙ ባሕር ዛፍ፣ የእሷ ደግሞ ጥድ። ዳገቱ ላይ ያሉ ሰዎች ሀይማኖት ይሏታል። እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት አንድ ሰው ነበር። እሱም ሞቷል።

ሥራው ሲሰጣት ታዴዎስ በአጭሩ አስረድቷት ነበር። መሣሪያ በሚያሻግር ቡድን ላይ የሚመሰክሩ ሰዎች በከተማው ዳርቻ ተደብቀዋል። አንዱ ቦታ መቀየር ሲኖርበት በሬዲዮ የውሸት የቀብር ማስታወቂያ ይነገራል፤ ቤቱን የሚጠብቀው ሰው ይሰማል፣ እንግዳውን ያዛውራል። «ስልክ ዱካ አለው» ብሏት ነበር። «ሬዲዮ ግን የተናገረውን ነፋስ ይወስደዋል።» እንደተባለችው ሦስት ጊዜ አስነገረች። ሦስት ጊዜም «በሰላም ተዛውሯል» አላት።

የቀረው ዱጋሳ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሸራውን ገልጦ የጫነውን አይቷል። ነገ ጠዋት ዐቃቤ ሕግ ፊት ይቀርባል። ከውኃ ጋኑ አጠገብ ያለችውን ቤት የተከራየችለት ራሷ ናት።

ታክሲው ከዳገቱ ግርጌ አወረዳት። አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆመች። በመስኮቱ መስታወት ውስጥ መንገዱን አየች። ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰው ከታች ቆሞ ጫማውን ይመለከታል። ሌሊቱን ዘንቧል፤ የሰው ሁሉ ጫማ ጭቃ ነው። የእሱ ንጹሕ ነው። ከመኪና አሁን የወረደ ሰው ነው።

ታዴዎስ ሰው አስከትሎባት አያውቅም።

ፍጥነቷን ሳትቀይር ወደ ላይ ወጣች።

የየካ ዳገት የማኅበረሰብ ሬዲዮ ሦስት ክፍል ያለው የብሎኬት ቤት ነው። ከበስተኋላው የብረት ምሰሶ ቆሟል። እንግዳ በመጣ ቁጥር መሥራቹ ጋሽ ሕሩይ ታሪኩን ይናገራሉ፤ ሀይማኖት ስንት ጊዜ እንደሰማችው አታውቅም። አስተማሪ ሳሉ ትምህርት በሬዲዮ ይሰጥ ነበር። ልጆቹ ወደ ቤት ሲሄዱ እሳቸው መስኮቱን ከፍተው ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ ያዞሩታል። ሰፈርተኛው ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ይሰማል። አንድ ቀን አንዲት ሴት «መምህር፣ እኛስ በዚህ መናገር አንችልም? በሬ ጠፍቶብኛል» አለቻቸው። በድምፅ ማጉያው ተነገረላት። በሬውም ተገኘ።

«ሬዲዮ ጣቢያ የሆንነው ያን ጊዜ ነው» ይላሉ ጋሽ ሕሩይ። «ፈቃዱ የመጣው ስንት ዘመን ቆይቶ! በሬው ግን በዕለቱ መጣ።»

ፈቃዱ ሲመጣ ምሰሶውን ሰፈሩ በትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን አወጣው። ያን ቀን አንድ ደንብ ተደነገገ፤ እዚህ ቤት ለሸቀጥ አፍ አይከፈትም። አንድ የሳሙና ነጋዴ ጣሪያውን በሙሉ ላድስላችሁ ብሎ መጥቶ ነበር። ጋሽ ሕሩይ የሚያፈሰውን ጣሪያ ቀና ብለው አዩና «ይኼ ጣሪያ ካፈሰሰ እኛ እንታጠባለን፤ ሳሙናው ለሌላ ይሁን» ብለው ሸኙት።

ሀይማኖት እዚህ በበጎ ፈቃድ ትሠራለች። ድምፅ ትቀዳለች። በየእድሩ እየዞረች የሞተውን፣ የጠፋውን፣ የተገኘውን ትሰበስባለች። ሽፋን ነው። ነገር ግን ጠዋት በሩን ስትከፍት «ሀይሚ፣ መጣሽ?» የሚላት ሰው አለ። ማታ ከምትገባበት ክፍል ውስጥ እንኳን ሰው፣ የጎረቤት ሳል አይሰማም።

እትዬ ሙሉጌጥ ማይክሮፎኑ አጠገብ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። የቀብር ማስታወቂያ አንባቢ እሳቸው ናቸው። ማንበብ ይባላል እንጂ ዐይናቸው ደክሟል፤ ሰው ይነግራቸዋል፣ በቃላቸው ይይዙታል።

«እትዬ፣ ማስታወቂያ አለ።»

«ነፍስ ይማር። ማን ነው?»

«አቶ በዳዳ። የውኃ ጋን ጠባቂ የነበሩ።»

«ቀብሩስ?»

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዋሻ ሚካኤል።»

«ድንኳኑስ የት ተተከለ?»

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«አልነገሩኝም።»

እትዬ ሙሉጌጥ ሹራቡን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«በሩን ዝጊው እስቲ።»

ዘጋችው።

«የኮተቤውን ያመጣሽ ጊዜም አልነገሩሽም። የጉርድ ሾላውም እንደዚያው። የሦስተኛውም። ሀይሚ ካመጣችው ብዬ አነበብኩ። ኋላ ሆዴ እምቢ አለኝና ለጠሀ ነገርኩት። የእድሩን ድንኳን የሚይዘው እሱ አይደል? እድር አልቀረውም፣ አጠያየቀልኝ። በእነዚያ ስሞች የሞተ ሰው የለም።»

«ምናልባት...»

«አልጨረስኩም። በእነዚያ ስሞች የሞተ የለም እንጂ ሰውስ ሞቷል። ቀብር በተባለው ቀን፣ በተባለው ሰፈር። ኮተቤ አንድ የማይታወቅ ሰው ገደል ገብቶ ተገኘ። ጉርድ ሾላ አንዱ የተከራየበት ክፍል ውስጥ። ሦስተኛውም ሬሳው ወንዝ ዳር። እኔ ስሙን ስቼ የጠራሁት ሞት፣ ልጄ፣ ሰፈሩን አልሳተም።»

ሀይማኖት ሦስቱን ሰፈሮች በልቧ ቆጠረች።

በሰላም ተዛውሯል።

ከስድስት ዓመት በፊት የሰማችው የስልክ ጥሪ ትዝ አላት። ያው የታዴዎስ ድምፅ ነበር። ባሏ ሣህሌም የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነበር። መርዶ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ በር አንኳኩቶ፣ ሰው ደግፎ የሚነገር ነገር ነው። ለእሷ በስልክ ተነገራት። ማን፣ የት፣ ስንት ሰዓት። «ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።» ድንኳን አልተተከለም። ሚስቱ መሆኗ ምሥጢር ስለነበር ሲ.ኤም.ሲ በተከራየችው ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ከፍታ፣ ድምፅ ሳታሰማ ብቻዋን ተቀመጠች።

ታዴዎስ ስለ ሞት የሚያውቀው ያንኑ ነው። ማን፣ የት፣ ስንት ሰዓት። ከሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው፣ ከቀብር መልስ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አይጠይቅም። ጠንቃቃ ነው። ሁሉን አስቦ ድንኳኑን ረሳ።

ምልክቱ ለጠባቂዎች አልነበረም።

ለገዳዮች ነበር። አድራሻውን ያስነገረችው ደግሞ እሷ ናት።

«እትዬ» አለች፣ «እኔ የምመስልዎት ሰው አይደለሁም።»

«እሱንማ ካወቅሁት ቆየሁ። በሁለት ዓመት አንድ ዘመድ ያልጠየቃት ሴት የት ታይታ ታውቃለች?»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ብዙ አልፈጀም፤ እውነቱ አጭር ነበር።

እትዬ ሙሉጌጥ አላማተቡም፣ አልጮኹም። «እንግዲያው ለፖሊስ ንገሪ» አሉ።

«ስልኬን የሰጠኝ እሱ ነው፤ ይሰማዋል። የማውቀው አለቃም እሱ ብቻ ነው። ማን ከእሱ ጋር እንዳለ አላውቅም።» በመስኮቱ ጠርዝ ወደ ውጭ አየች። ንጹሕ ጫማ ያለው ሰው ከጥዱ ሥር ቆሟል። «ዛሬ እኔንም አይተዉኝም።»

«ማስታወቂያው ባይነገርስ?»

«እንዳወቅን ያውቃል። ገዳዮቹ አሁኑኑ ይወጣሉ።»

ሰዓቱ እየሄደ ነበር። ከጎን ክፍል የጋሽ ሕሩይ ሳል ተሰማ።

«ሰው ነው የሚያስፈልገኝ» አለች። «እዚያ ቤት። በብዛት። መንገዱን ስለሚጠብቁ ማሸሽ አይቻልም፤ ሰው በተሰበሰበበት ግን አይገድሉም።»

«ለአቶ በዳዳ ማን ይመጣል? ማን ያውቃቸዋል?»

«ለእኔስ?»

እትዬ ሙሉጌጥ ወደ እሷ ዞሩ።

«በቁምሽ?»

«በቁሜ።»

«ለአንቺማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዳገቱ ሙሉ ነው የሚወጣው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሦስቴ ሳላውቅ ሐሰት አስነገርሽኝ። አራተኛውን አውቄ እናገረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ይህ ወንበር ላይ አልቀመጥም። አውቆ የዋሸ አፍ መርዶ አይናገርም።»

«እትዬ፣ እርስዎ ባይሆኑ...»

«እኔ ካልተናገርኩት ማን ያምናል?» ጥቁሩን ነጠላ ከግድግዳው አውርደው ሰጧት። «ባል አለሽ? ስም ይጠራል።»

«ነበረኝ። ሣህሌ። ድንኳን አልተተከለለትም።»

ነጠላውን ራሷ ላይ አከናነቧት፣ በጓሮ በር አስወጧት።

በጫካው መንገድ ወጣች። ባሕር ዛፉ ተጠጋግቶ በቅሏል፤ ከሥሩ ሣር የለም። እርጥብ ቅጠል እግሯ ሥር ይንሸራተታል። በየመሐሉ ቆማ አዳመጠች። የሚከተላት የራሷ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ዱጋሳ የመጥረቢያ እጀታ ይዞ በሩን ከፈተላት።

«አስቀምጠው» አለችው። «ዛሬ ቤትህ ለቅሶ ቤት ነው።»

«ማን ሞተ?»

«እኔ።»

እጀታውን በሩ ጥግ አቆመው። ከመደቡ ላይ ትንሿ ሬዲዮ ስድስት ሰዓት መሆኑን ተናገረች። ከዚያ የእትዬ ሙሉጌጥ ድምፅ መጣ። አልተንቀጠቀጠም። የሁላችሁም ልጅ፣ በየደጃችሁ እየዞረች ኀዘናችሁን የተቀበለች ሀይማኖት በድንገት ዐረፈች። ሬሳዋ ከሆስፒታል ይመጣል። ቀብሯ ዛሬ ነው። ከዚያም፣ ከሁሉ ይልቅ ረጋ ብለው፦

«ለቅሶው ከዋሻ ሚካኤል በላይ፣ ከውኃ ጋኑ አጠገብ ነው። ድንኳን ይተከላል። ድረሱ።»

በሬዲዮው ውስጥ፣ ከድምፃቸው ጀርባ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ጋሽ ሕሩይ ናቸው። የነገራቸው ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣው ጠሀ ነው። የድንኳኑን ሸራ በአህያ ጭኖ፣ ምሰሶዎቹን ለጎረምሶች አሸክሞ ዳገቱን እየሮጠ ወጣ። ዐይኑ ቀልቷል። «በዚህ በኩል ያዝ! አጥብቀው! ለእሷ እንኳ ቀጥ አድርገን እንትከል እንጂ!» እያለ ይቆጣል። ቀጥሎ አግዳሚ ወንበር መጣ። ቀጥሎ ሴቶቹ። ቀጥሎ ሰው ማቆሚያ አጣ።

ሀይማኖት ጥቁር ነጠላ ተከናንባ ጓዳው በር ላይ፣ ከሴቶቹ ጀርባ ተቀመጠች። ጎንበስ ያለ፣ የተሸፈነ ፊት ለቅሶ ቤት ውስጥ ማንም አይገልጥም።

«እናቴ የሞተች ጊዜ ለማስታወቂያ መጥታ እስኪመሽ እንጨት ስትፈልጥልኝ ዋለች።»

«እኔ ቤት ስንት ጊዜ! ውኃ እንኳ ጠጪ ስላት ቸኩያለሁ ነው።»

«የት ትቸኩል ነበር? ማን ነበራት?»

አንዷ እዬዬ ስትል ሌሎቹ ተቀበሏት። ሀይማኖት የሚባል ስም እየጠሩ አለቀሱ። እሷም አለቀሰች። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ወጡ። አንዱ ቡናማ ጃኬት ለብሷል። ግቢውን አዩ። ሰው ከአጥሩ አልፎ መንገዱን ሞልቶታል። እጃቸው ከኪሳቸው አልወጣም።

ከኋላቸው ታዴዎስ መጣ።

በተቀመጠው ሰው መካከል ሳይቀመጥ ተራመደ። «ሬሳው የት ነው?» ብሎ አንድ ሽማግሌን ጠየቀ።

«ወንድሜ» አሉት ሽማግሌው፣ «ለቅሶ ቤት መጀመሪያ ይቀመጣል። ለመሆኑ የሟች ምኗ ነህ?»

ሰው ዞሮ አየው። ባገኘው ወንበር ጫፍ ተቀመጠ፤ ጫፉ ከጓዳው በር አጠገብ ነበር። እንደተቀመጠ እጇን አየ። ከነጠላው የወጣውን እጇን ለየው።

«ጥድ» አለ በከንፈሩ።

«የሞተችን ሰው ስም ዝቅ አድርገው ይጥሩ።»

«ሾፌሩ የት ነው?»

«ለቅሶ ላይ።»

ዐይኑ ግቢውን ዞረ። ጋቢ የተከናነበ ወንድ ሁሉ አንድ ይመስላል። መንገዱ ላይ የእድሩ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቷል። ሾፌሩ ጉደታ «ሬሳ የምታመጡ ግቡ!» እያለ ይጣራል። ወንዶች ተጋፍተው ገቡ። ከመካከላቸው አንዱ ሲገባ ወደ መሪው አየ፤ የሾፌር ልማድ ነው።

ታዴዎስ አየው።

ሊነሣ ተንደረደረ። በዚያው ቅጽበት ካህኑ ጸሎት ጀመሩ። ከባድ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ።

«ጋሼ» አለው ጠሀ፣ «እኔ ሙስሊሙ እንኳ የማውቀውን እርስዎ ያጡታል? ጸሎት ሳያልቅ ከለቅሶ አይነሣም።»

ግራና ቀኝ ያሉት ወንዶች ጠጋ ጠጋ አሉበት። ከበሩ ማዶ ሦስቱ ሰዎች የእሱን ምልክት ጠበቁ። ምልክት የሚሰጥበት እጅ በሰው ትከሻ መካከል ተጣብቋል። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ወረደ። ከሬሳ ማቆያ በፊት ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ደጃፍ ይቆማል፤ እትዬ ሙሉጌጥ ለጉደታ ነግረውታል።

ታዴዎስ ፈገግ አለ። የደከመ ፈገግታ ነው።

«ሣህሌም እንደዚህ ነበር። ግትር። ተው ብዬው ነበር።»

የካህኑ ድምፅ ቀጠለ።

አሁን ገባት፤ መርዶውን በስልክ የነገራት ገዳዩ ራሱ ነው።

ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። ለቅሶ ቤት ነው፤ ብትጮኽ ማንም አይለየውም ነበር። አልጮኸችም። ተነሥታ በጓዳው ገባች፣ በኋላው በር ወጣች፣ በዛፎቹ መካከል ሄደች።

ዱጋሳ በዚያው ማታ መናገር ጀምሮ በማግስቱ ጨረሰ። ታዴዎስ ከቤቱ ተወሰደ። ሦስቱ ሰዎች በየተራ ተለቀሙ። ለሰፈሩ፣ ዘመዶቿ ሬሳዋን ወደ ትውልድ አገሯ ይዘው ሄዱ ተባለ። ሰፈሩ አመነ፤ የተናገሩት እትዬ ሙሉጌጥ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማስታወቂያውን የሚያነበው ሌላ ሰው ሆነ።

አዲሱ አለቃዋ አዲስ ስም ሰጣት። ከከተማው በሌላ ጫፍ አንድ ክፍል። ወደ የካ እንዳትሄድም አዘዛት።

አልሄደችም። በሥራ ምክንያት ግን አንድ ቀን መገናኛ ላይ ታክሲ መቀየር ነበረባት። መነጽር አድርጋ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። ታክሲው ሲነሣ ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

«እንዴ፣ ሴትዮዋ ተመለሱ!»

ድምፁን በመጀመሪያው ቃል ዐወቀችው።

«እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም ብዬ ነበር» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ። «ዛሬም አልተቀመጥኩም፤ ቆሜ ነው። የልጃችን የሀይማኖትና ቀድሟት ያለፈው የባለቤቷ የአቶ ሣህሌ ዐርባ ነገ ነው። ለእሱ በጊዜው ያለቀሰለት ስለሌለ አብረን እናስበዋለን። ድንኳኑ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተተክሏል። ያልደረሳችሁ ድረሱ።»

ከዚያ በድምፅ ማጉያው ውስጥ ነፋስ ተሰማ። መስኮቱን ከፍተውት ይሆናል።

ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት ከንፈሯን መጠጠች። «ባልና ሚስት! ታውቂያቸው ነበር?»

«አይ» አለች። «አላውቃቸውም።»

ታክሲው ዳገቱ መታጠፊያ ጋ ደረሰ። ከላይ፣ ከብረቱ ምሰሶ ሥር አንድ ነጭ ነገር ይታያል። ድንኳን ሊሆን ይችላል። ረዳቱ በሩን ገርበብ አድርጎ ወደ ውስጥ ጮኸ።

«ወራጅ አለ?»

ማንም አልመለሰም። እሷም አልመለሰችም።

«ሳበው» አለ ረዳቱ።